«ቀላል» የተባለው መንገድ ማንን አስቀየመ?

ሰሞኑን የተጓዦች መነጋገሪያ የሆነውን ውሳኔ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ብዙ አባላት ያሉት አንድ የእግር ተጓዦች ማኅበር «ቀላል» እና «መካከለኛ» ብሎ የመደባቸውን የባሕር ጠረፍ፣ የፓርክና የሐይቅ ዳር ጉዞዎች ከመጪው ወቅት መርሐ ግብር ሰርዞ ፊቱን ወደ ተራራ ብቻ አዙሯል። ውሳኔው ሳያንስ የማኅበሩ ኃላፊ ያከሉበት ቃል ነው ደሜን ያፈላው፦ «ዳገት የሌለው ጉዞ ሽርሽር እንጂ የእግር ጉዞ አይደለም፤ ሽርሽሩን ደግሞ ማንም ብቻውን ሊያደርገው ይችላል።»

የማኅበሩን ስም አልጠራም። እኔም አባል ነኝ፤ መዋጮዬን በወቅቱ ከፍያለሁ፤ ስለዚህ ለመናደድ የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።

ከደካማው ነጥብ ልጀምር። ኃላፊው ከፍታ ላይ ያልወጣ ሰው እግሩን አልፈተነም ይላሉ። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የባሕሩን ጠረፍ ይዞ 1,014 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ የእግር መንገድ አለ። በዚያ ሁሉ ርዝመት ውስጥ ከፍተኛው ቦታ ግሬት ሃንግማን የሚባል ኮረብታ ነው፤ 318 ሜትር። በኃላፊው ሚዛን ይህ ጉብታ ነው። ነገር ግን መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የጨረሰ ሰው የወጣው ዳገት ሁሉ ሲደመር ወደ 35,000 ሜትር ይጠጋል፤ ኤቨረስትን ከባሕር ወለል ተነስቶ አራት ጊዜ ለመውጣት የቀረው ጥቂት ነው ማለት ነው። ጅረቶቹ ወደ ባሕር ሲወርዱ የጠረፉን ገደል በየቦታው ቆራርጠውታል፤ መንገዱም ወደ እያንዳንዱ ሸለቆ ይወርድና ውኃውን ተሻግሮ መልሶ ሽቅብ ይወጣል። አቋራጭ እንዳይዝ ያደረጉት ደግሞ የጥንቶቹ የጠረፍ ጠባቂዎች ናቸው። ሥራቸው የኮንትሮባንድ ጀልባ መጠበቅ ስለነበረ ከእያንዳንዷ ገብ ጠረፍ አፋፍ ላይ ቆመው ቁልቁል ማየት ነበረባቸው፤ የዛሬው ተጓዥ የሚረግጠው የእነርሱን ዱካ ነው። ኃላፊው በዚህ መንገድ አምስተኛውን ሸለቆ ከወጡ በኋላ፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ፣ ያንን «ሽርሽር» የምትለዋን ቃል ቢደግሙልኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ምክንያታቸው ደግሞ የባሰ ነው። የሐይቅ ዳር ጉዞዎቹ አጫጭር ስለሆኑ «ጤና የሚጠይቀውን አሥር ሺህ እርምጃ» አያሟሉም ተባልን። ጤና መቼ ጠየቀ? አሥር ሺህ የምትባለው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ የንግድ ስም ነበረች፤ ማንፖኬይ ማለት «የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። ለሽያጭ የወጣች ስም እንደ ሐኪም ትእዛዝ በስብሰባ ላይ ተነበበች፤ አጨበጨብን።

የምደባው ነገርም ራሱ ያስቃል። የጉዞ ጊዜ የሚሰላበት የታወቀው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1892 ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ ያወጣው ነው፤ ለአምስት ኪሎ ሜትር ገደማ አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። ጥሩ ደንብ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ጠጠር በሞላበት የባሕር ዳርቻ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ግማሹን ወደ ኋላ ሲንሸራተት፣ ነፋሱም ከፊት ሲገፋ ምን ይደረግ እንደሆነ አይናገርም። ያንን መንገድ «ቀላል» ብሎ የመደበው ሰው በካርታ ላይ እንጂ በእግሩ አልሄደበትም።

እስካሁን ያልኩት ግን ንዴቴን ለማብረድ ነው። የምሬን የምናገረው አሁን ነው። የተራራ ጫፍ ማንም አይሻማበትም። ነፋስ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ውኃ የለውም። ሰው ሊወርሰውና ሊያጥረው የሚቋምጠው ሜዳማውን፣ ውኃ ዳሩን፣ ሕጻን በጋሪ የሚገፋበትን፣ ምርኩዝ የያዘ ሰው የሚራመድበትን መሬት ነው። አንድን መንገድ «ቀላል» የሚያደርገው ነገር ሁሉ ለቪላ፣ ለሆቴልና ለጀልባ ማቆሚያ ተፈላጊ ያደርገዋል። ስለዚህ «ቀላል» ብለን የምንንቀው መንገድ ብዙውን ጊዜ በሙግት የተገኘና በሙግት የሚጠበቅ ነው።

ቺካጎን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1836 የከተማዋ የቦታ ሽያጭ ካርታ ላይ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር የሚገኝ አንድ ቦታ ለዘላለም ክፍት ሆኖ ምንም ሕንፃ እንዳይሠራበት የሚያዝዝ ማስታወሻ ተጻፈ። ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ቀረ፤ በቦታው ላይ ጎተራ፣ ጋጣ፣ ቆሻሻ፣ የባቡር ሐዲድ ተከመረበት። እ.ኤ.አ. በ1890 ዕቃ በፖስታ ቤት በኩል እየላከ በመሸጥ የከበረው ነጋዴ ሞንትጎመሪ ዋርድ ከቢሮው መስኮት የሚያየውን ይህን ትርምስ ጠልቶ ከተማዋን ከሰሰ። ሙግቱ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ። የከተማዋ ትልልቅ ሰዎች ልማት አደናቃፊ አሉት፤ ጋዜጦች ዘለፉት። እርሱ ግን አልተመለሰም፤ ረታ። ዛሬ በዚያ ሐይቅ ዳር 29 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ይዞ ያለ ምንም ዳገት መሄድ ይቻላል። ኃላፊው ቢያዩት ሽርሽር ይሉታል።

የጀርመኗን ግዛት ባቫሪያን ደግሞ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1946 ዋና ከተማዋ ሙኒክ ከጦርነቱ ወዲህ ገና ፍርስራሽ ናት፤ ሰው የሚበላው አጥቷል። በዚያች ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 141 ላይ ወደ ተራሮች፣ ወደ ሐይቆችና ወንዞች መግቢያውን ክፍት ማድረግ፣ ካስፈለገም የባለንብረቱን መብት ገድቦ ማስከፈት፣ የእግር ጉዞ መንገዶችንና የመዝናኛ ፓርኮችን ማዘጋጀት የመንግሥትና የማዘጋጃ ቤቶች ግዴታ እንደሆነ ተጽፏል። ቤቱ የፈረሰበት ሕዝብ የእግር መንገድን ሕገ መንግሥት ውስጥ አስገባ! ይህም ሆኖ በሽታርንበርግ ሐይቅ ዙሪያ ረጃጅም የዳርቻ ክፍሎች ዛሬም በግል ግቢዎች ውስጥ ናቸው። ሕገ መንግሥትም እያለ ነው እንዲህ የሆነው፤ «ሽርሽር» የሚል ንቀት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1976 መጨረሻ ባወጣችው ሕግ በባሕር ጠረፍ የሚገኝ የግል ይዞታ ሦስት ሜትር ስፋት ለእግረኛ እንዲለቅ አስገደደች። ሦስት ሜትር! ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሄዶ ሦስተኛውን የሚያሳልፍበት ያህል ነው፤ ለዚያች ስንዝር ስንትና ስንት ክርክር ተደርጓል። ስዊድን በባሕሩም በሐይቁም ዳር 100 ሜትር፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 300 ሜትር ድረስ ግንባታ የሚከለክል ጥበቃ አላት፤ ይህንኑ ጥበቃ ለማላላት የሚደረገው ግፊትም ማባሪያ የለውም። ዌልስ ጠረፏን ከዳር እስከ ዳር የሚከተለውን 1,400 ኪሎ ሜትር መንገድ ሙሉ በሙሉ ለእግረኛ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ትናንት ማለት ነው።

«ተራራውስ ታጥሮ አያውቅም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ታጥሯል። እንግሊዝ ውስጥ ኪንደር ስካውት የተባለው 636 ሜትር ከፍታ ያለው አምባ ለባለጸጎች የወፍ አደን ተከልሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1932 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ክልከላውን ጥሰው ወጡበት፤ ብዙዎቹ ከማንቸስተርና ከአካባቢዋ የመጡ ወጣት ሠራተኞች ነበሩ። አምስቱ ታሰሩ። ምሳሌው እኔን የሚጎዳ ይመስላል፤ ግን ያኔ ድርጊቱን ከተቃወሙት መካከል የተጓዥ ማኅበራት መሪዎች ራሳቸው ነበሩበት። የኮሚቴ ጠረጴዛ የተጓዥ እግር የት መርገጥ እንዳለበት ሲወስን ልማዱ የቆየ ነው።

አሁን ወደ «ማንም ብቻውን ሊያደርገው ይችላል» ልመለስ፤ ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ እርሱ ነውና።

ለዓመታት የሄድኩበት አንድ የሐይቅ ዳር መንገድ አለ። ቄጠማውን እየታከከ ይሄዳል፤ ረግረጉ ላይ የተረበረቡት ሳንቃዎች ሲረገጡ ከሥራቸው ውኃ ትፍ ይላሉ። ባለፈው ጊዜ ከአንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ጋር ሁለት ሆነን ሄድን። ግማሽ መንገድ ላይ አዲስ የሽቦ አጥር ጠበቀን። ዳርቻው ላይ አላቆመም፤ ቀጥሎ ሐይቁ ውስጥ ገብቷል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ብረቶች ውኃ ውስጥ ቆመዋል፤ ውኃው በሚነካቸው ልክ ከወዲሁ ዝገት ቀለበት ሠርቶባቸዋል። «የግል ይዞታ» ይላል ሰሌዳው። መምህርቷ በምርኩዛቸው ሽቦውን ነካ ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ ውኃው ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሰው ጓሮ የሆነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዞረን አስፋልቱን ያዝን። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መምህርቷ ጥግ ይዘው ይቆማሉ፤ ሐይቁ ከግንቡ ወዲያ ይሰማል እንጂ አይታይም።

ብቻውን የሚሄድ ሰው አጥር ሲያይ ይመለሳል። እኛም ሁለት ሆነን እንኳ ተመለስን። አርባ ሰው መርሐ ግብር ይዞ፣ ካርታ ይዞ፣ በየዓመቱ በዚያው ቀን የሚመጣበትን መንገድ ማጠር ግን ያሳፍራል፤ ለማዘጋጃ ቤት የሚጻፈው ደብዳቤም አርባ ፊርማ ይኖረዋል። ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለተራራው ጉዞ ማኅበሩ የሚሰጠኝ አውቶቡስና ፉጨት ብቻ ነው፤ ተራራው እንደሆነ የትም አይሄድም።

ተራራ አልጠላም፤ ጉልበቴ እሺ ባለኝ ቀን እወጣለሁ። ነገር ግን ኃላፊው ከሰረዟቸው ጉዞዎች አንዱ ይኸው የሐይቅ ዳር መንገድ ነው። በቀድሞው መርሐ ግብር ተራው በወሩ የመጨረሻ እሑድ ነበር። ማለዳ ላይ መነሻው ላይ እገኛለሁ፤ መምህርቷም እመጣለሁ ብለዋል። ያለ ማኅበሩ ፈቃድ፣ ያለ ፉጨት፣ አጥሩ ድረስ እንሄዳለን። ቁጥራችን ከሁለት ከበዛ የማዘጋጃ ቤቱን ደብዳቤ እዚያው እንፈርመዋለን፤ እስክሪብቶ እኔ ይዤ እመጣለሁ።