ለመኪናዬ ማኒኮቶ የተጻፈ የስንብት ደብዳቤ

ለክቡር የላይኛው ማኒኮቶ፣ የራዲያተር ውሃ የጎማ ቱቦ
በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ከሥራ ስለ መሰናበትዎ

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከሙቀቱ በስተቀር ደህና ነን። ሙቀቱም ቢሆን ከእርስዎ ይሻላል። የድሬ ፀሐይ የምትመጣው በግልጽ ነው፤ ሰውም ሽርጡን አገልድሞ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። እርስዎ ግን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። አቦ፣ ትንሽ እንኳ አያፍሩም?

ሰሞኑን ኮሮላዬ በቆመችበት ሁሉ አረንጓዴ ፊርማዎን እያሳረፉ ነው። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ፈርመዋል። ሳቢያን ለቅሶ ቤት ደጃፍ ፈርመዋል። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሐዘኑን ትቶ መኪናዬ ሥር ሲያይ፣ «የኤሲ ውሃ ነው» አልኩ። ያቺ መኪና ኤሲ እንደሌላት የማያውቅ ሰው እዚያ ድንኳን ውስጥ አልነበረም። ሟች ራሳቸው ያውቁ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ብልጠትዎ ነው። ሞተሩ ሲግል ያፈሳሉ፣ ሲበርድ ይደርቃሉ። መካኒክ ጋ ወረፋ ስንጠብቅ መኪናዋ ትቀዘቅዛለች። ኮፈኑ ሲከፈት ሽማግሌ ፊት እንደ ቀረበ ባል ጨዋ ሆነው ይገኛሉ። መካኒኩም ጎንበስ ብሎ በአንድ ጣቱ ነካ አደረገዎትና «ማኒኮቶው ሰላም ነው አለቃ፤ የራዲያተሩን ክዳን ቀይር» አለኝ። ቀየርኩ። አዲሱ ክዳን ግፊቱን በደንብ ያዘ። ግፊቱ በደንብ ሲያዝ ደግሞ እርስዎ ይባስ ብለው ማንቧቧት ጀመሩ። ለክዳኑ የከፈልኩት ገንዘብ እርስዎን ለማበርታት ዋለ ማለት ነው።

አገልግሎትዎን አልክድም፤ ሥራው ከባድ ነው። የውሃውን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት 82 ዲግሪ አካባቢ ሲከፈት፣ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ውሃ መጀመሪያ የሚያገኘው እርስዎን ነው። ባልደረባዎ የታችኛው ማኒኮቶ ራዲያተሩ ያበረደውን ነው ወደ ፓምፑ የሚመልሰው። ግፊቱም አለ። ድሬ ከባሕር ጠለል ወደ 1200 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች፣ እዚህ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ 96 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ግን ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ከ110 ዲግሪ በላይ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። እርስዎ ሲተነፍሱ ይህ ሁሉ ይቀራል። ገና ዳገቱ ሳይጀመር ሻይ ይጥዳሉ።

ጎማ ያረጃል፣ እሺ። የሚጀምረውም ከውስጥ ነው፤ ጫፉ ላይ፣ ቱቦውን ከሚያስረው የብረት ቀለበት ከፋሸታው አጠገብ። ስለዚህ ከላይ ሲታይ ጥቁርና ወዛም የሆነው ማኒኮቶ ሲጫኑት ጫፉ ልፍስፍስ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ድርቅ ብሎ ይሰነጠቃል። ዘይት ሲንጠባጠብበት የኖረው ያብጣል። እርስዎ ሦስቱንም አሟልተዋል። ለጡረታ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር። ደህና ሰው ቢሆኑ ኖሮ እዚሁ ሰፈር፣ ጠዋት በቀዝቃዛው፣ ቤት ደጃፍ ላይ ይፈነዱ ነበር። እርስዎ ግን የደንገጎን ዳገት መረጡ።

ያንን ዳገት ባቡሩ እንኳ ሸሽቶታል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ፣ ተራራውን ቧጥጦ ሐረር መውጣት አያዋጣም ተብሎ ሜዳው ላይ ቀረ። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችውም በዚሁ ሰበብ ነው። መሐንዲስ ከነሎኮሞቲቩ የተወውን ተራራ ክቡርነትዎ በተተረተረ ጎማ ሊወጡት ተነሱ። ያውም ለሐምሌ ቁልቢ። ያውም አማቴ ከኋላ ተቀምጠው።

አማቴ ስለት ነበረባቸው። ለገብርኤል የተሳሉት ጥላ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ አለ። መጠምዘዣዎቹን እየቆጠሩ ይጸልያሉ። እኔ ዓይኔ የሙቀት ጌጁ ላይ ነው። መርፌው ተነሳ፣ ቀዩን ነካ፣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ። አማቴ «ገብርኤልዬ፣ በደለኛዋ እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹ።

«ኧረ እማማ፣ ማኒኮቶው ነው» አልኳቸው።

«እሱ ደግሞ ማነው? አብሮን የመጣ ሰው አለ እንዴ?»

ከዚያ ዝናቡ ጀመረ። አማቴ ከመኪናዋ ወርደው መንገድ ዳር ቆመዋል፤ «ይህች መኪና ብትፈነዳስ» ብለው አልገባም አሉ። ጥላ ታቅፈው ዝናብ መታቸው። የገብርኤል ነዋ፣ አይዘረጋ! ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ብቻ አፍሮ ራሱን ያሰናብት ነበር።

አንድ የአይሱዙ ረዳት ሊረዳን ዘሎ ወረደ። እንደ ወረደ እጁን ክዳኑ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ያዝኩት። ተቆጣኝ። «አውቃለሁ እኮ!» አለኝ። ያ ውሃ ከመፍያው በላይ ግሎ በግፊት ብቻ ነው ታፍኖ የተቀመጠው። ክዳኑ ሲላቀቅ ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይመጣል። በዚህ መንገድ ስንት ፊት እንደ ተላጠ እርስዎ ያውቃሉ፤ እዚያው አጠገብ ሆነው ያያሉና። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ማስበረድ ነው። ቆምን። ረዳቱ ከመነዳሪ፣ ማለትም የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ቀዶ ጠቀለለዎት፣ ውሃ ሞላን፣ ፊታችንን አዙረን ወደ ድሬ ወረድን። የደረስነውም ቁልቁለት ስለሆነ እንጂ እርስዎ ተጸጽተው አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጠበቃዎ ሆኗል። ድሬ ላይ ከበርጫ በኋላ መካኒክ ያልሆነ ማን አለ? አንዱ ሳሙና ለጥፍበት ይለኛል። አንዱ እንቁላል ሰብረህ ራዲያተሩ ውስጥ ጨምር ይላል። እንቁላል እኮ ቢሠራ እንኳ ለራዲያተር ቀዳዳ ነው። ውጤቱም ቀዳዳውን ሳያገኝ ደህናዎቹን ቀጫጭን መስመሮች መድፈን ነው። ሐረር ላይ በፔጆ 404 ታክሲ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጎረቤቴ ደግሞ ጭራሽ ይስቁብኛል። «እኔ ከመነዳሪ ጠቅልዬ ልጅ ድሬያለሁ» ይላሉ። ጋሼን እንዴት እከራከራለሁ? ልጁም ተድሯል፣ ፔጆውም ያኔ ነው።

«ለጊዜው ትሂድ» የሚሉኝ ሁሉ አንድ ነገር አይነግሩኝም። የእርስዎ ዋጋ የሁለት ሰው ምሳ ቢሆን ነው። እርስዎ ያስቆጡት ሞተር ግን ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ ያጣምማል፤ ጓርኒሲዮኑን፣ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ ያቃጥላል። ያኔ ከአማካሪዎቼ አንዱም ሰፈር ውስጥ አይገኝም።

ስለዚህ የስንብት ሥነ ሥርዓትዎ የፊታችን ቅዳሜ ማለዳ፣ ሞተሩ በርዶ ካደረ በኋላ፣ በግቢዬ ውስጥ ይፈጸማል። መጀመሪያ ከራዲያተሩ ግርጌ ያለው ማፍሰሻ ተፈትቶ ውሃው ሳፋ ላይ ይወርዳል። መሬት ላይ ጠብ አይልም። ውሃው ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ኩላንቱ፣ ሲቀምሱት ይጣፍጣል፣ ከዚያ ይገድላል። የሰፈራችን ፍየሎች ደግሞ ካርቶን እንኳ የማያልፉ ናቸው። ሳፋው ክዳን ወዳለው ጀሪካን ይገለበጣል፤ የደቻቱ ወንዝም የራሱ ችግር ይበቃዋል።

ቀጥሎ ፋሸታዎ በካቻቢቴ ይላላል። እርስዎን ግን ጎትቼ አላወጣዎትም። ዓመታት ተጣብቀው ኖረዋል፤ ብንታገል የራዲያተሩ አንገት ነው የሚሰበረው። በምላጭ ከጫፍዎ ጀምሬ ወደ ርዝመትዎ እሰነጥቅዎታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንገቱን እስካልነካሁ ድረስ የእርስዎ ነገር ብዙም አያሳስበኝም። ከሥርዎ ነጭ ቅርፊት እንደሚወጣ አውቃለሁ። የድሬ ውሃ ኖራ እንዳለበት ማንቆርቆሪያ ያለው ሁሉ ያውቃል። ያ ቅርፊት በብርጭቆ ወረቀት ካልተፈገፈገ ተተኪዎም በተሾመ ዕለት ማፍሰስ ይጀምራል።

ተተኪዎ ተገዝቷል። ባለ ሱቁ መጀመሪያ ቀጥ ያለ ቱቦ በሜትር ሊቆርጥልኝ ነበር። «ትታጠፍልሃለች» አለኝ። ትታጠፋለች፤ እጥፋቷ ላይ ተጨፍልቃ ውሃውን ታንቀዋለች። እኔ የፈለግኩት ከፋብሪካው በልኩ ተጎንብሶ የተሠራውን ነው። አመጣልኝ። «ኦሪጅናል ነው?» ስለው «የዱባይ ኦሪጅናል» አለኝ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም። ፋሸታ ግን አዲስ ጨምሬ ገዛሁ፤ የዛገውን የእርስዎን ለአዲስ ሰው ማውረስ ነውር ነው።

ተተኪዎ ሲገባ ውስጡ በውሃ ይረጥባል፤ ግራሶ የሚባል ነገር አይነካውም፣ የእርስዎን እብጠት አይተናል። ፋሸታው የአንገቱን ጉብታ አልፎ ይታሰራል። ጉብታው ላይ ከተቀመጠ ደንገጎ ላይ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ እኔ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ አማቴን የማስረዳበት አቅም የለኝም። ከዚያ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሞላል። «ድሬ በረዶ የለ፣ ኩላንት ምን ያደርግልሃል?» የሚል አይጠፋም። ዝገት እንዲከላከልልኝና ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ነው።

አሁን የምነግርዎ ግን ከሁሉም የከፋውን ነው። ውስጥ የቀረው አየር መውጣት አለበት። አየር ከታፈነ ጌጁ ይዋሻል፣ ሞተሩም አንድ ጎኑ ይቃጠላል። አየሩ እንዲወጣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ በቀዝቃዛው ይነሳል፣ የውስጥ ማሞቂያውም እስከ መጨረሻው ይከፈታል፤ ውሃው በዚያም በኩል እንዲዞር። አዎ፣ ማሞቂያ። ድሬዳዋ ውስጥ። ይህች መኪና እዚህ ከመጣች ጀምሮ ያቺን ቁልፍ የነካት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። እኔ እዚያ ውስጥ በሽርጥና በካናቴራ ተቀምጬ፣ ፊቴ ላይ የአቧራና የሞተር ትኩሳት እየነፋ፣ ላቤ ወደ ዓይኔ እየወረደ፣ የአረፋው መቆም እስኪነገረኝ እጠብቃለሁ። ጎረቤቶቼ በር ላይ ተሰብስበው ያዩኛል። «ምን ሆኖ ነው?» ይባባላሉ። አንዷ እናት ውሃ እንደሚያመጡልኝ፣ አንዱ ደግሞ በስልክ ቪዲዮ እንደሚያነሳኝ ከወዲሁ አውቃለሁ። ከአገልግሎትዎ ሁሉ ይህን ነው ይቅር የማልልዎት።

የላይኛው ቱቦ ሲግል፣ አረፋውም ሲያቆም፣ የጎደለው ይሞላና ክዳኑ ይገጠማል። በማግስቱ በርዶ እንደገና ይታያል፤ ፋሸታውም አንዴ ጠበቅ ይደረጋል። የእርስዎን አስከሬን የጎረቤት ልጅ ጠይቆኛል። ለምን እንደፈለገው አልነገረኝም፤ እኔም ሰጥቼዋለሁ።

የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ከፈለጉ በሳቢያኑ ድንኳን ደጃፍ ያለውን ይጠቀሙ።

ከሰላምታ ጋር
የኮሮላዋ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለአማቴ፦ ለታኅሣሥ 19 ጥላውን ያዘጋጁ። ለዝናቡ ደግሞ ሌላ ጥላ እኔ እይዛለሁ።
ለጋሼ፣ ባለ ፔጆው፦ ከመነዳሪውን በአክብሮት መልሻለሁ።
ለታችኛው ማኒኮቶ፦ ትናንት ስጫንዎት ጫፍዎ ለስለስ ብሏል። አይቻለሁ።