መብራቱ ሲበራ ውጡ ማለት ነው

ባለፈው ዓርብ ሌሊት ዲሲ፣ ናይንዝ ስትሪት ከዩ ስትሪት ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ መኪናዬን አቁሜ ሰው እጠብቃለሁ። የምነዳው ኡበር ነው። ፊት ለፊቴ የሐበሻ ቤት አለ፤ በመስታወቱ በኩል ውስጡ ይታየኛል። አንዲት ልጅ መሀል ገብታ ትከሻዋን ታርገፈግፈዋለች፣ ዙሪያዋን ያጨበጭቡላታል፣ አንዱ ወንበር ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ልክ እስክስታው ጫፍ ሲደርስ ጧ! ነጩ መብራት በራ። የሆስፒታል ኮሪደር የመሰለ መብራት። ዘፈኑ ግማሽ ስንኝ ላይ ተቆረጠ። በር ላይ የሚቆመው ወጠምሻ «ሌትስ ጎ ጋይስ፣ ሌትስ ጎ!» እያለ እንደ ዶሮ እሽ እሽ ይላቸው ጀመር። አስተናጋጇ ደግሞ አንድ ኮት የለበሰ ጎልማሳ እጅ ላይ የነበረውን ቢራ ነጥቃ ወሰደችበት። ግማሽ ቢራ! የከፈለበትን! ሰውየው ጣቶቹን እንዳጠፈ ቀረ፤ ጠርሙሱ የለም፣ እጁ ግን ጠርሙስ ይዟል።

በረዶውን ለምጃለሁ። ታክሱንም ለምጃለሁ፣ እያማረርኩ። ይቺን መብራት ግን አሜሪካ ከመጣሁ በአሥራ አንድ ዓመቴም አልለመድኳትም።

ሕጉ ግልጽ ነው። ዲሲ መጠጥ የሚሸጠው ዓርብና ቅዳሜ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በሌላው ቀን እስከ 8። ፖቶማክን ተሻግረህ ቨርጂኒያ ከገባህ ዓርብ የለ ቅዳሜ የለ፣ 8 ሰዓት ላይ አበቃ። ለአንዲት ሰዓት ጭማሪ ብለው ሲበሩ ወንዙን የሚሻገሩ ሐበሾች አሉ፤ እኔው ነኝ የማሻግራቸው። መንገድ ላይ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «እንደርሳለን?» አምቡላንስ የምነዳ ይመስለኛል።

እኛ ጋ ሌሊት የሚያልቀው ሲያልቅ ነበር። የቤቱ እመቤት እያዛጉ «በሉ ልጆቼ፣ እኔም ሰው ነኝ» ይላሉ፤ «አንድ አንድ ብቻ» እንላለን፤ እየተቆጡ ያመጣሉ። ከዚያ አዛን ይሰማል፣ ቅዳሴው ይቀጥላል፣ የመጀመሪያው ታክሲ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል ያኔ ነው ዱለት ፍለጋ የምንወጣው። ያባረረን ሰው አልነበረም። ሌሊቱ ራሱ ነው ደክሞት ጥሎን የሚሄደው።

ጥቅምት 4 ቀን 2005ን ላስታውሳችሁ፤ የዚያን ዕለት አዲስ አበባ የነበረ ሰው አይረሳትም። የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ፣ ከሱዳን ጋር። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለመጣን 2 ለ 0 ይበቃን ነበር። ሚስማር ተራ በውድቅት ተሰልፌ ነው የገባሁት፣ እግሬ ሰው እግር ላይ፣ የሰው ክርን ጎድኔ ላይ። አዳነ ግርማ አገባ፣ ሳላዲን ሰዒድ ደገመ፣ ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ ገባን። ከስታዲየም ካዛንቺስ ድረስ እንዴት እንደሄድን አላውቅም፤ ብቻ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ አንገቴን አቅፎ እያለቀሰ አብሮኝ ተራምዷል።

የገባንበት አዝማሪ ቤት ጠባብ ነበር፤ አጎዛ የተነጠፈበት መደብ፣ ግድግዳው ላይ ሰፌድ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ግድም መብራት ሄደ። የሄደው መብራት ብቻ ነው፣ ሰው አልሄደም። «ኡኡ!» ብለን ጮህን፣ እመቤቲቱ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ አፍ ላይ ሻማ ሰክተው አመጡ፣ ጨዋታው ደራ። ማሲንቆ እንደሆን መብራት አይፈልግ! አዝማሪው በሻማ ብርሃን የአዳነን ጎል ሦስት ጊዜ በግጥም አገባት፣ በሦስተኛው ከመሀል ሜዳ።

እንግዲህ አስቡት። አገር ቤት መብራት ሲጠፋ ጭፈራ ይጀመራል፤ እዚህ መብራት ሲበራ ጭፈራ ያልቃል። ኢትዮጵያ መብራት የለም እያልን ስናማ የኖርን ሰዎች፣ አሁን መብራት በዛብን ብለን አቤቱታ ልናቀርብ ነው።

ልመጣ ስል መሸኛዬ እዚያው ቤት ነበር። አዝማሪው ሥራ እንደማልወድ ማን እንደነገረው እንጃ፣ ማሲንቆውን ጆሮዬ ሥር አምጥቶ፦

«ሊሄድ ነው አሜሪካ ይህ የሌሊት ጌታ፣
ቀን ቀን እየተኛ ሊሠራ ነው ማታ።»

ሳቅን። ግንባሩ ላይ መቶ ብር ለጠፍኩለት። የገረመኝ ቆይቶ ነው፤ አንድ ዓርብ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰካራም እያንኮራፋ፣ ግጥሟ ድንገት ትዝ አለችኝ። ሰውየው አዝማሪ ነው ነቢይ?

ሐቁን ለመናገር፣ እዚህ ሰካራሙ ኋላ ወንበር ተኝቶ በሰላም ቤቱ ይገባል። እኛ ላዳ ስንሳፈር ሾፌሩም እንደኛው ሞቅ ብሎት ነበር፤ የሞትነው ጥቂት መሆናችን ተአምር ነው። ይኼን አልክድም። ግን ግማሹን ቢራ ምናለ ቢያስጨርሱት?

ወደ ኳሱ ልመለስ፣ መብራቷ እዚያም አላስቀመጠችኝማ። እሑድ እሑድ ማታ ቨርጂኒያ አንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ እንጫወታለን፣ ዕድሜያችን ከአርባ በላይ የሆነ፣ ሆዳችን ከኳሷ ቀድሞ የሚደርስ ሐበሾች። መጀመሪያ ዝም ብለን ነበር የምንገባው። አንድ ቀን አንዲት ደንብ ልብስ የለበሰች ሴት መጥታ «ፐርሚት አላችሁ?» አለችን። ለኳስ ፐርሚት! አስፋልት ላይ በጨርቅ ኳስ ስንጫወት ፈቃጃችን መኪናው ነበር፤ «መኪና!» ሲባል ድንጋዮቹን ማንሳት፣ ሲያልፍ መመለስ። የሆነ ሆኖ ከፍለን ፈቃድ አወጣን፤ እስከ ማታ 4 ሰዓት። ባለፈው እሑድ 4 ለ 4 ሆነን ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። መቺው ተንደረደረ፣ እግሩን አነሳ፣ ድርግም! አራት ሰዓት። ማሽኑ ነው የሚያጠፋው፣ የሚለመን ሰው እንኳን የለም። በጨለማ ውስጥ «ገባች!» የሚል ድምፅ፣ «ይዣታለሁ!» የሚል ድምፅ። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ አንዱ የአየር ሁኔታውን ጠቅሶ ማስረጃ አቅርቧል።

እዚያው ሜዳ ላይ ነው አምና ጉልበቴ የተጣመመው። አነሳሁት መቼስ፣ ልናገረው። ድንገተኛ ክፍል ወሰዱኝ፣ ስድስት ሰዓት ተቀመጥኩ፣ አንድ ወጣት መጥቶ ነካ ነካ አደረገኝና በላስቲክ የታሰረ በረዶ ሰጠኝ። ከወር በኋላ 2,300 ዶላር የሚል ወረቀት መጣ። ለበረዶ! በነፃ ከሰማይ ወርዶ አካፋ ይዤ የምጠርገውን! ስልክ ደወልኩ፤ ማሽን አነሳው፣ አንድን ተጫን፣ አራትን ተጫን፣ በመጨረሻ የመጣችው ልጅ በጣም ትሑት ናት፣ «በክፍፍል ላድርግልህ?» አለችኝ። እየከፈልኩ ነው። ወጌሻ ጋ ብሄድ በቅቤ አሽቶ፣ ጎትቶ፣ ጮኼ፣ «ወንድ ልጅ አይጮኽም» ብሎ ሰድቦኝ እሸኝ ነበር። ምናልባትም አንካሳ ያደርገኝ ነበር። በትንሽ ብር ግን።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ዋልያዎቹ፣ ብሔራዊ ቡድናችን።

ዋልያዎቹ ዲያስፖራ ከሆኑ ሰነበቱ እኮ። ሜዳችን መስፈርት አያሟላም ተብሎ «በሜዳችን» ስንጫወት የኖርነው ሰው አገር ነው። በ2014 ግብፅን 2 ለ 0 የደቆስነው ሊሎንግዌ ነበር፤ እንዴት ያለ ጨዋታ! ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ ያጨበጨበልን ማላዊ ነው። ያንን ጎል ሚስማር ተራ ቢያየው ኖሮ ስታዲየሙ ያኔውኑ ነበር የሚፈርሰው። በ2017 መጋቢት ላይ ደግሞ እንደገና ግብፅን «አስተናገድን»፣ ካዛብላንካ። 2 ለ 0 ሸኙን። እንግዳ ተቀባይነታችን በሰው ቤትም አልተለየንም። ይህ ሁሉ በ1954 እነዚሁኑ ግብፆች 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን መሀል አዲስ አበባ ያነሳን ሰዎች ላይ ሲደርስ። አደይ አበባ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል ይሉናል፤ ይያዝና እንየው።

ተጫዋቾቹን ሳስብ እኔን ነው የሚመስሉኝ። ቤታችን ነው እያሉ በተከራዩት ቤት ማደር።

የሰሜን አሜሪካው የሐበሻ ኳስ ውድድራችንማ ኳስነቱን ከተወ ቆይቷል። ከ1984 በእነሱ አቆጣጠር ጀምሮ በየከተማው እየዞረ ይካሄዳል፤ ሄጄ አንድም ጨዋታ ሙሉውን አይቼ አላውቅም። ጥብስ ወረፋ ላይ ቆመህ ከሃያ ዓመት በፊት የጠፋብህን የክፍል ጓደኛህን ታገኛለህ፣ «ወፍረሃል!» ይልሃል፣ ከኋላህ ጎል ይገባል። ማን አገባ? ማንም አያውቅም።

እና የአዲስ አበባው ዜና። እዚያ ነው ይኼ ሁሉ የተነሳብኝ። አዲስ አበባ በ2017 በኮሪደር ልማቱና በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 እንዲሠሩ ግዴታ ሆኗል። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። አጎቴ በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊ ትውልድ ነበር፤ ሰዓቷ ከደረሰች መውጣት ስለማይቻል ጭፈራ ቤቱ ተቆልፎባቸው ሲደንሱ ያነጉ እንደነበር እያማረረ ነበር የሚነግረን። እኛ ልጆቹ እየቀናን ነበር የምንሰማው። አጎቴ ዛሬም አለ። «ከዚህ ሰዓት በኋላ እንዳትወጡ» ያለችው ከተማ «ከዚህ ሰዓት በፊት እንዳትዘጉ» ስትል ለመስማት በቅቷል። ደውዬ ብነግረው «ምን ሊሸጡ?» አለኝ።

ዓርብ ዕለት ያን መብራት ካየሁ በኋላ የጫንኩት አንድ ፍሬ ልጅ ነበር፤ ስሜን ስልኩ ላይ አይቶ «ጋሼ» አለኝ። (ጋሼ! ይኼንንም እዚህ ላይ መዝግቡልኝ።) ከመጣ ወራት ቢሆነው ነው። ካዛንቺስ ነው ያደግሁት ሲለኝ ልቤ ዘለለች፣ ቤቶቹን በስም እየጠራሁ ስጠይቀው ዝም አለኝ። «እኔ ለመጨፈር ስደርስ ሰፈሩ ፈረሰ» አለ። በ2017 መጀመሪያ ወራት ካዛንቺስ መፍረስ ሲጀምር እሱ ዕቃ ሲያሸክም ነበር። እስኪወርድ ድረስ ሌላ ቃል አልተነፈስንም።

ቅዳሜ ከእንቅልፌ እንደነቃሁ ጓደኛዬን በቪዲዮ ደወልኩለት። ኡራኤል አካባቢ ዋና መንገድ ዳር ጫማ ቤት አለው። እኔ ጋ የቀኑ 8 ሰዓት፣ እሱ ጋ ምሽት 3። «ካዛንቺስን አሳየኝ» አልኩት። ሱቁን ለልጅቷ አደራ ብሎ ስልኩን እያንከረፈፈ ሄደ። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው ንጣፍ ያብለጨልጫል፣ መብራቱ የትየለሌ፣ ሕፃናት ብስክሌት ይነዳሉ። ያምራል፣ አልዋሽም። «ቁም፣ ወደ ግራ አዙረው» አልኩት። አዞረው። «አዝማሪ ቤቱ በር ላይ ጥድ ነበረች» «ዘንባባ ነው ያለው» «ጥዷስ?» «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግራ የምትለው የቱን ነው?» እውነቱን ነው፤ እኔም ግራው የቱ እንደነበር ጠፋኝ።

ተመልሶ ሱቁ እንደገባ ድርግም አለ። መብራት ሄደ። ስልኬ ጥቁር ሆነ፣ ድምፅ ግን ይሰማል፤ ከውጭ «ኡኡ!» የሚል የልጆች ጩኸት፣ የሱቋ ልጅ ሳቅ፣ አንድ ሰው «ሻማ የለም እንዴ?» ሲል።

«በቃ ዝጋና ግባ» አልኩት።

«3፡20 ነው» አለኝ ከጨለማው ውስጥ። «አሥር ደቂቃ ይቀረኛል። ቆይ፣ አንተም አትዝጋው።»