ሻርሎት ኮሊንስን ማግባቷ ልክ ነበር?

ጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. በ1813 ባሳተመችው «ፕራይድ ኤንድ ፕሪጁዲስ» ልብወለድ ውስጥ ኮሊንስ የሚባል ቄስ አለ። ወሬው ማለቂያ የለውም፤ ለባለጸጋ ማጎብደድ ይወዳል። ኤልዛቤት ቤኔትን አግቢኝ አላት፤ እምቢ አለችው። በዚያው ሦስት ቀን ውስጥ ጓደኛዋን ሻርሎት ሉካስን ጠየቀ፤ እሺ አለችው። ሻርሎት 27 ዓመቷ ነው። እንደማትወደውም ታውቃለች። ሁለት ሴት አንባቢዎች በእሷ ጉዳይ አልተስማሙም።

ከሻርሎት ጎን

እኔ በሻርሎት ላይ መፍረድ አልችልም። እስቲ ምን ምርጫ ነበራት? የጨዋ ቤት ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ አይቀበላትም፤ ጠበቃ መሆን አትችልም። ካላገባች ያላት በሀብታም ቤት ልጆች ማስተማር ነው፤ አለዚያ የወንድሞቿን እጅ ማየት። መታጨቷ ሲሰማ ቤታቸው ውስጥ የሆነውን አስታውሺ። ታናናሽ ወንድሞቿ እፎይ አሉ። ቆማ ትቀራለች ብለው ይሰጉ ነበር። በገዛ ቤትሽ እንደ ሸክም መታየት ምን ያህል እንደሚያም አስቢው።

ኤልዛቤትም ብትሆን እጇ ባዶ ነው። አባቷ በዓመት 2,000 ፓውንድ ያገኛል፤ ርስቱ ግን የሚተላለፈው ለወንድ ብቻ ነው። አምስት ሴት ልጆች እያሉ ቤቱን የሚወርሰው ማን ነው? የአባቷ ዘመድ የሆነው ራሱ ኮሊንስ! እሷ እናቷ ስትሞት የሚደርሳት 1,000 ፓውንድ ነው። በ4 በመቶ ወለድ በዓመት 40 ፓውንድ መሆኑ ነው። ደራሲዋም በ1817 ለወንድሟ ልጅ ስትጽፍ፣ ያላገቡ ሴቶች ድህነት እንደሚያጠቃቸውና ይህም ለማግባት ጠንካራ ምክንያት እንደሆነ ነግራታለች።

ተቃውሞ

ደብዳቤ ካነሳሽ አይቀር፣ ለዚያችው ልጅ በ1814 የጻፈችላትንም አንብቢ። ያለ ፍቅር ከማግባት ሌላውን ሁሉ መቻል ይሻላል ትላታለች።

ደግሞ ሻርሎት አገኘች የምትዪው ዋስትና የማን ነው? በጊዜው የእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ገንዘቧ የባሏ ይሆናል። ይህ መለወጥ የጀመረው በ1870 ነው፤ በደንብ የተስተካከለው ደግሞ በ1882። ፈትቶ ሌላ ለማግባትም እስከ 1857 ድረስ ፓርላማ ለዚያ ጉዳይ ብቻ ሕግ ማውጣት ነበረበት። ይህን ማን ይችለዋል? ስለዚህ ሻርሎት የዕድሜ ልክ ውል ነው የፈረመችው።

ኤልዛቤት ልትጠይቃት ስትሄድ ያየችውን ልብ በይ። ሻርሎት መዋያዋን ከቤቱ ጀርባ ባለ ክፍል አድርጋለች። ኤልዛቤት መጀመሪያ ግራ ገባት፤ የተሻለ ሳሎን አለ። በኋላ ገባት። ባልየው የሚውለው መንገዱን በሚያሳየው ክፍል ነው። የእሷም እንደዚያ ደስ የሚል ቢሆን ኖሮ እየመጣ ይቀመጥባት ነበር። ከባሏ ለመሸሽ ክፍል የምትመርጥ ሴት! እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ሁሌ ልቤ ይከብዳል።

ከሻርሎት ጎን

ያንኑ ክፍል እኔ ሌላ አየዋለሁ። የራሷ ነው። ቤት አላት፤ ዶሮዎቿን ታረባለች፤ ጓደኛዋን ትጋብዛለች። አባቷ ቤት ምን ነበራት?

ፍቅርስ ማንን አዳነ? የኤልዛቤት ታናሽ እህት ሊዲያ ገና በ16 ዓመቷ ዊክሃም የሚባል መኮንን ወድጄ ብላ ከእሱ ጋር ኮበለለች። እሱ ሊያገባት ያሰበም አይመስልም። ኋላ ኤልዛቤትን የሚያገባት ዳርሲ ዕዳውን ከፍሎለት ነው የተጋቡት። ኤልዛቤትንም ቢሆን ያወጣት ዳርሲ ነው፤ በዓመት 10,000 ፓውንድ ያለው ሰው። ደራሲዋ ዳርሲን ባትሰጣት ኖሮ ዛሬ በእምቢታዋ አናደንቃትም ነበር።

ተቃውሞ

እዚህ ላይ ተሳስተሻል እህቴ። ኤልዛቤት ኮሊንስን እምቢ ስትል ዳርሲን የምታውቀው በኩራቱ ብቻ ነው። ቀጥሎ ራሱ ዳርሲ አግቢኝ ሲላትም እምቢ አለችው። ያን ሁሉ ገቢውን እያወቀች! ተመልሶ ይጠይቀኛል ብላ አይደለም።

ጄን ኦስተንም ይህን ከራሷ ሕይወት ታውቀዋለች። በ1802 የአንድ ባለርስት ወራሽ ለትዳር ጠየቃት። 27 ዓመት ሊሞላት ቀናት ቀርተዋት ነበር፤ የሻርሎት ዕድሜ። ማታ እሺ አለች። ጠዋት ተነስታ ቃሏን አነሳች። ከፊቷ የሚጠብቃት ዳርሲ አልነበረም። ከአሥር ዓመት በኋላ የዚህን ልብወለድ መብት ስትሸጥ ያገኘችው 110 ፓውንድ ነው።