ማጭድ አታውሰው፤ ጃኬትም

ባለፈው እሁድ ሁለት ኪሎ ሙዝ አንጠልጥዬ እህቴ ቤት ሄድኩ። ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ደወሉን ተጫንኩ። በሩ ገርበብ አለና አንድ ዓይኗ ብቻ ታየኝ።

«ሳትደውል ነው የመጣኸው?»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

«ወንድምዬ፣ እወድሃለሁ። ግን ይሄ ባውንደሪዬ ነው።»

ያናደደኝ እርጋታዋ ነው። ድሮ ብትናደድ «ምን ሆነህ ነው በጠዋቱ!» ብላ ትጮህብኝና ቁርስ ታቀርብልኝ ነበር። አሁን አትጮህም፤ ቁርስም የለም። ሙዙን ግን ተቀብላኛለች። ሙዝ ባውንደሪ የለበትም።

ባውንደሪ ማለት ሌላው ሰው እንዳያልፍብኝ ያሰመርኩት ድንበር ማለት ነው አሉ። ቃሉን የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሄዳ ያመጣችው ቢሆን ባልከፋኝ። ቲክቶክ ላይ ነው የለቀመችው። ሰሞኑን ሁሉም ሰው እንዲህ ሆኗል። አንዱ ትሪገር ተደርጓል (የድሮ ቁስሉ ተነክቶበታል)፣ አንዷ ከቶክሲክ ሰው አምልጣለች። ጋዝላይት የሚለውን መጀመሪያ ስሰማ እኔ ስለ ቡታጋዝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰውን የገዛ ራሱን እንዲጠራጠር ማድረግ ነው።

በዚያ ላይ የ«እኔ» ነገር አለ። ስትጣሉ «አንተ እንዲህ ነህ» አትበሉ፣ «እኔ እንዲህ ይሰማኛል» በሉ ይላሉ። ምክሩን በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ቶማስ ጎርደን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው ያመጣው። ለሱ አገር ሳይሠራ አይቀርም። በአማርኛ ግን ስሜት እኔ የምሠራው ነገር አይደለም፣ መጥቶ የሚያገኘኝ ነገር ነው። ከፋኝ። ደበረኝ። ናፈቀኝ። አስጠላኝ። ሆድ ባሰኝ። ማን እንደላከው አይታወቅም፤ እኔ ቆሜ የተመታሁ ሰው ነኝ። እና እህቴ «ሳትደውል ስትመጣ እኔ ያለመከበር ስሜት ይሰማኛል» ስትለኝ በአማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ከንፈሯና ድምጿ አልገጥም አለኝ።

ሆድ ካነሳሁ አይቀር። የኛ ሰው ስሜቱን ሁሉ ሆዱ ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ሆዴ ባባ ይላል፣ ሆደ ሰፊ ነው ይላል፣ የባሰ ቀን ሲመጣ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ የከተማው ሰው ግማሹ ጨጓራ በሽተኛ ነው። ስለዚህ «ስሜታችሁን አፍናችሁ አትያዙ» የሚለውን ምክር አልቃወምም።

ከተረቶቹ ሁሉ ግን አንዱን አብዝቼ እወደዋለሁ፤ «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው»። አራት ቃል ነው። የዛሬ ባለሙያዎች ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ከሚመክሯቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ የሚጎዳውን ነገር ከሰውየው አርቁለት። ስሪላንካ በጣም አደገኛ የሆኑትን የተባይ መርዞች ደረጃ በደረጃ ስታግድ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር በብዙ ቀንሷል። የኛ ገበሬ ያለ ጥናት ነው የደረሰበት።

ተረቱ ግን ስለ ጃኬት ምንም አይልም።

በ2007 ዓ.ም. አንድ ጓደኛዬ (ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል) ፍቅረኛው ጥላው ሄዳ ሆድ ብሶት ነበር። አራት ሌሊት አብሬው አመሸሁ፤ አንድ ዓይነት ታሪክ አራት ጊዜ ሰማሁ። በአራተኛው ሌሊት ብርድ ሆነ። ጥቁር የቆዳ ጃኬቴን አውልቄ ደረብኩለት። አንድ ቀን ብቻ የለበስኩት ጃኬት! እስከ ዛሬ አልተመለሰም። መጀመሪያ ስጠይቀው «ላውንደሪ ነው» አለኝ። ሁለተኛ ስጠይቀው «ክፍለ ሀገር ነው» አለኝ። ጃኬቱ ነው ክፍለ ሀገር የሄደው፤ እሱ አዲስ አበባ ነው። በሦስተኛው «አንተ ያደረግከውን ሁሉ እየቆጠርክ ነው የምትኖረው፣ ይሄ ጤናማ ግንኙነት አይደለም» ብሎ ብሎክ አደረገኝ።

አሁን እሱም ቪዲዮ ይሠራል። «መርዛማ ሰዎችን ከሕይወታችሁ አስወጡ» ይላል። መርዙ እኔ ነኝ እንግዲህ። በአንዱ ቪዲዮ ላይ ከጀርባው ወንበር ላይ የተንጠለጠለ ጥቁር ነገር አለ። ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እጅጌው የኔ ነው።

ባለሙያዎቹ እኮ እንዲህ አላሉም! ጆን ጎትማን የሚባሉት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰው ባለትዳሮችን እያጨቃጨቁ ዓመታት ሲያጠኑ ያገኙት፣ የሚዘልቁት ጥንዶች በጭቅጭቅ መሃል እንኳ ለአንድ ክፉ ነገር አምስት ደግ ነገር የሚያወጡት መሆናቸውን ነው። አምስት! አምስቱን ሲያወራ የሰማሁት የቪዲዮ መካሪ የለም። አድምጡ፣ ይቅርታ ጠይቁ፣ የወሰዳችሁትን መልሱ የሚለው ሁሉ የት ገባ? ከስንት መጽሐፍ ውስጥ ሰው መርጦ ያወጣው በር የሚቆልፈውን ምክር ብቻ ነው።

ደግሞ «ለኛ ቡናችን ቴራፒያችን ነው» የሚሉም አሉ። እነሱም አበሳጭተውኛል። እነዚህ ሰዎች ሰፈራችን ቡና ጠጥተው አያውቁም። የ10ኛ ክፍል ውጤቴን አቦል ሲቀዳ ለእናቴ ብቻ፣ በጆሮዋ ነገርኳት። በረካ ላይ ስንደርስ አንዲት ጎረቤታችን «አይዞህ ልጄ፣ ሙያ ትምህርትም አለ» አሉኝ። ባለሙያ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እሳቸው የነበረባቸው ግዴታ ፈንድሻ ማምጣት ነበር፤ እሱንም ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

እህቴን ረሳኋት። እርግጥ ያን ቀን ደወሉ ሕፃኑን ቀስቅሶታል። የአምስት ወር ልጅ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አድሮ ገና መተኛቱ ነበር። ሰዓቱም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ይሄን መጀመሪያ ላይ አልጻፍኩትም።

ትናንት ደግሞ ሄድኩ። አሁን ደወልኩላት፣ በስልክ።

«ልመጣ ነው» አልኳት።

«እሺ፣ የት ደረስክ?»

ድምጿ ከስልኩም ከበሩም እኩል መጣ።

«አራተኛ ፎቅ» አልኩ።

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብሎ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። «ሙዝ ይዘሃል?»

ረስቼዋለሁ።