ስንት ገዛሽው?

እኛ ሰፈር ዕቃ መግዛት የግል ጉዳይ አይደለም። አንድ ሰው ካርቶን ተሸክሞ በአጥር ሥር ካለፈ፣ ማታ በቡናው ላይ ካርቶኑ ይከፈታል፣ በዋጋውም ላይ ሸንጎ ይቀመጣል። ይህን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ገና ያልተገዛ ዕቃ ዋጋ መጠየቅን ነው። የስፌት መኪና ልገዛ ማሰቤን ለአንዲት ጎረቤቴ አውግቻት ነበር። ሰሞኑን ዳቦ ቤት በር ላይ ስሟን እንኳ የማላውቃት ሴት ክንዴን ይዛ፣ «መኪናዋን ስንት ገዛሻት?» አለችኝ። አልገዛሁም አልኳት። «ቢሆንም ስንት አሉሽ?» ነገርኳት። በሐዘን ራሷን ነቅንቃ፣ «አይ! አታለሉሽ» ብላ ዳቦዋን አቅፋ ሄደች። ገንዘቤ ቦርሳዬ ውስጥ እንደተቀመጠ ተታለልኩ ማለት ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚያዋጣ መልስ የለም። ዋጋውን እንዳለ የተናገረ ሞኝ ነው። ቀነስ አድርጎ የተናገረ «እንግዲያው አይበረክትም» ይባላል። አልናገርም ያለ ደግሞ ወይ ኩራተኛ ነው፣ ወይ የገንዘቡ ምንጭ ይጣራ። ጠያቂው በበኩሉ የሚያነጻጽርበት ዋጋ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ትንፍሽ አይልም። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ የተገዛ ዕቃ፣ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ምንዛሪው ለገበያ ተለቅቆ ከመቶ ብር በላይ ከወጣ በኋላ ከተገዛ ዕቃ ጋር እኩል ይቆማል። «እኔ በስምንት ሺህ አይደል እንዴ የገዛሁት!» መቼ? «ኧረ ቆይቷል።» ቆይቷል!

ከዋጋ ጠያቂ የሚብሰው መካሪ ነው። ጎረቤቴ ጋሼ ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሹምነት የጨረሱ፣ የሸሚዛቸው ቁልፍ ሲበጠስ ባለቤታቸውን የሚጣሩ ሰው ናቸው። ወሬው ሲደርሳቸው ከአጥሩ ማዶ ብቅ ብለው፣ «ሲንጀር ግዢ! የድሮውን። ብረት ነው» አሉ። የድሮው ሲንጀር ክፉ አይወጣለትም፤ አልካድኩም። በእግር ስለሚረገጥ መብራት ሄደ መጣ አያስጨንቀውም፣ ሁለቱንም እጅ ለጨርቁ ይተዋል፣ ቀጥ ያለ ስፌቱም ቀጥ ያለ ነው። አሜሪካዊው አይዛክ ሲንገር መኪናውን በስሙ ያስመዘገበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1851 ሲሆን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ኩባንያው ሴቶች በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ እንዲገዙት መላ ዘየደ። በየወሩ! እነዚያ ሴቶች በየወሩ «እስካሁን ስንት ከፈልሽ?» እየተባሉ መክረማቸውን ሳስብ አንጀቴን ይበሉታል።

ጋሼ ያልጠየቁኝ ግን ምን ልሰፋበት እንደሆነ ነው። እኔ የምፈልገው ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚገጣጠም የአልጋ ልብስ መስፋት ነው። ከላይ ቁርጥራጩ፣ ከመካከል ጥጥ፣ ከታች ገበር፤ ሦስቱ ተነባብረው አብረው ይሰፋሉ። ይህ ሁሉ ጥቅል በመርፌውና በመኪናው ግንድ መካከል ባለችው ክፍተት ማለፍ አለበት። በተለመዱት የቤት መኪናዎች ክፍተቷ ከ16 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ብትሆን ነው፤ ለዚህ ሥራ ታስበው የተሠሩት ግን ከ20 ያልፋሉ፣ 28 የሚደርሱም አሉ። ሌላም ጣጣ አለ። ከመርፌው ሥር ያሉት ጥርሶች የሚስቡት የታችኛውን ጨርቅ ነው። የላይኛው እየቀረ ይሸበሸባል። ስለዚህ ከላይም እየተራመደ ጨርቁን የሚስብ እግር ሊገጠምላት የምትችል መሆን አለባት። ጨርቁን እንደ ልብ እያዞሩ አበባ ለመስፋት ደግሞ ጥርሶቹ ዝቅ ማለት አለባቸው። ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስረዳኋቸው። ጋሼም በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «ሲንጀር ግን ብረት ነው» አሉ።

«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። እናቴ በዜማ ነበር የምትለው፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ወፍሮ መከራው ራሱ ከጓሮ የሚመጣ ይመስለን ነበር። አሁን ሳስበው ግን ይህ ተረት የመካሪዎች ማኅበር ተሰብስቦ ያጸደቀው ነው የሚመስለኝ። ተመካሪው ወይ ይሰማል፣ ወይ መከራ ያገኘዋል፤ ሦስተኛ መንገድ አልተተወለትም። መካሪው ራሱ ስለማያውቀው ነገር ሲቀባጥር ምን ይምከረው? ዝም! በዚህ አገር «አላውቅም» ብሎ መልስ የሰጠኝን ሰው ባገኝ እጁን እስማለሁ። መንገድ ስትጠይቁ እንኳ የማያውቀው ሰው ነው አጥብቆ የሚያሳያችሁ።

ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ በስልክ፣ «እዚያ ምን ያንገላታሻል፤ እዚህ ርካሽ ነው፣ ሰው ሲመጣ እልክልሻለሁ» አለችኝ። ልቧ ንጹሕ ነው። የእሷ አገር መብራት ግን 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ይህን የምናውቀው ከፊዚክስ ትምህርት ሳይሆን ከአክስቴ ጭማቂ መፍጫ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዕለት ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማንጎው ተልጦ፣ ሶኬቱ ሲሰካ አንዴ ጮኸና ጭሱ እስከ ሳሎን ደረሰ። ማንጎውን በማንኪያ በላነው። መፍጫውም እስከ ዛሬ ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል፤ የሚጥለው የለም፣ የአሜሪካ ዕቃ ነዋ! ትራንስፎርመር ይገዛለታል ይባላል፤ ደህናው ትራንስፎርመር ግን ራሱ አንድ ሻንጣ ያክላል፣ ዋጋውንም ሰው ይጠይቀኛል።

መርካቶ ያገኘሁት ሻጭ ፈገግታ የማይለየው ወጣት ነበር። «እናቴ፣ ይህቺ ሁለት መቶ ዓይነት ስፌት ትሰፋለች» አለኝ። ቁልፉን ሲጫነው እውነትም ዳክዬ ሰፋች። በዳክዬዋ ላይ ዳክዬ። እኔ የምፈልገው አንድ ቀጥ ያለ ስፌት ነው ስለው ፊቱ ዳመነ፤ የቀሩትን መቶ ዘጠና ዘጠኝ የት እንደሚያደርሳቸው የጨነቀው ይመስል ነበር። ከላይ የሚራመድ እግር ይገጠምላት እንደሆነ ጠየቅሁት። «አላት፣ አላት» አለ። የቱ ነው? የኤሌክትሪክ ፔዳሉን አነሣና አሳየኝ።

የምሰፋውን ያወቁት የሰፈሬ ሴቶች ደግሞ ሌላ ሐዘን ያዙልኝ። «ምን አጥተሽ ነው ድሪቶ የምትሰፊው?» ድሪቶ በእኛ ዘንድ ወይ የድሃ ነው ወይ የመናኝ። አያቴ ያረጀውን ሁሉ እየቀጣጠለች የሰፋችውን ለብሰን ያደግን ልጆች፣ እንግዳ ሲመጣ ከአልጋ ላይ ገፍፈን እንደብቀው ነበር። አሜሪካ ውስጥ አላባማ ጊስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። ከባርነት የወጡ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የሆኑት ሴቶቿ ባረጀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ብርድ መከላከያ ይሰፉ ነበር፤ ያም ድሪቶ ነበር። ድሪቷቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ከዚያም ኒው ዮርክ ውስጥ ዊትኒ ሙዚየም ተሰቀለ። በ2006 የፖስታ ቴምብር ሆነ። የአያቴ ድሪቶ መጨረሻው የወለል መወልወያ መሆን ነበር። ይህን ሳስብ ቀልዱ ይጠፋብኛል።

ወደ ልብስ ሰፊዎች ላለመግባት አስቤ ነበር። ግን ቁርጥራጭ ከየት ይመጣል? ከእነሱ ነው። የእኔ የሠርግ ጊዜ ጨርቅ ስንት ሜትር እንደነበር አውቃለሁ፤ ለአንድ ቀሚስ ተርፎ ለሻርፕ ይበቃ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን «ጠበበ» አለኝ። ሠርጉ ሲቃረብ «ነገ ነይ»፣ ነገ ስሄድ «ከሰዓት ነይ»፣ ከሰዓት ስሄድ ቤቱ ተዘግቶ ጎረቤቱ «ለቅሶ ሄዷል»። ቀሚሱ ከአንድ ወገን ሳይቀመቀም በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ተሞሸርኩበት። ቆይቶ የዚያ ሰው ልጅ በዚያው ጨርቅ የተሰፋ ሸሚዝ ለብሳ ትምህርት ቤት ስትሄድ አየኋት። ጠበበ! ፓሪስ ውስጥ በ1831 ልብስ ሰፊዎች ቲሞኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ የፈለሰፋቸውን የስፌት መኪናዎች እንጀራችንን ሊወስዱ ነው ብለው ሰባብረዋቸዋል። የእኔው ሰው መኪናውን አልሰበረም፤ ሌት ተቀን ሠራበት፣ ለእኔ ግን አልሠራበትም።

ያቺ የመርፌ ቁልፍ እንኳ ባለውለታዬ ናት፤ ዛሬም ሦስቱ ድርብ ጨርቆች እንዳይንሸራተቱ ከመስፋቴ በፊት የምይዛቸው በእሷ ነው። የሠራት አሜሪካዊው ዋልተር ሀንት ይባላል። ከሲንገር በፊት የስፌት መኪና ሠርቶ፣ ልጁ «ሰፊ ሴቶች ሥራ ይፈታሉ» ስላለችው መብቱን ሳያስመዘግብ ተወው ይባላል። የመርፌ ቁልፏን ግን በ1849 አስመዘገበ፤ 15 ዶላር ዕዳ ነበረበትና ሙሉ መብቱን በ400 ዶላር ሸጠው። እንግዲህ ዳቦ ቤት በር ላይ ያገኘኋት ሴት መኖር የነበረባት እዚያ ነበር። ስንት ሸጥከው? አራት መቶ። አይ! አታለሉህ።

ለማንኛውም መኪናዋ ተገዝታለች። ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የምትሰፋ፣ ክፍተቷ ሰፊ፣ ጥርሷ ዝቅ የሚል፣ 220 ቮልት የምትጎርስ ናት፤ ዳክዬ አታውቅም። ለጠየቀኝ ሁሉ «ስጦታ ነው» ማለት ጀምሬ ነበር። «ማን ሰጠሽ?» የሚለው ከዋጋው የባሰ ወሬ ስላመጣብኝ ተውኩት።

ጋሼ ብረት አለመሆኗን በጣታቸው መታ መታ አድርገው አረጋገጡና አዘኑልኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሁለት ሱሪ በፌስታል ይዘው መጡ። እንዲያጥርላቸው ይፈልጋሉ፤ ለፋሲካ መድረስ አለበት፤ «ጎረቤት አይደለን?» የሚለውንም አልረሱም። ተቀብዬ ወንበር ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«ነገ ይምጡ» አልኳቸው።