የቀለም ነው ወይስ የቀለብ? ግልጽ ደብዳቤ ለክብርት ወይዘሮ ፕሪንተር

ለክብርት ወይዘሮ ባለቀለም ፕሪንተር
ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ዳንቴል ሥር

ጉዳዩ፦ የቀለብ ጥያቄዎን ይመለከታል

ክብርት ሆይ፣

ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲታዩ እንደ እርስዎ ያለ ትሑት የለም። ያትማሉ፣ ስካን ያደርጋሉ፣ ኮፒ ያነሣሉ፤ ዋጋዎ ደግሞ ከመካከለኛ ስልክ ያነሰ ነው። ገዢው «ምን ጎደላት?» ብሎ ካርቶንዎን አቅፎ ይወጣል። የጎደለው ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም። በቅሎዋን በነጻ ሰጥቶ ገብሱን በግራም የሚሸጥ ነጋዴ ቢኖር ሙያውን የተማረው ከእርስዎ ፋብሪካ ነው። እርስዎን ያለ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ይሸጥዎትና ዕድሜ ልክዎን ከቀለም መያዣዎ፣ ካርትሪጅ ከሚሉት፣ ይለቅማል። ሱቁ ላይ የከፈልነው ቀብድ ነበር ማለት ነው።

እስቲ ስለ ቀለብዎ እናውራ። ከካርቶንዎ የሚወጣው ካርትሪጅ «ማስጀመሪያ» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ሱቅ ከሚሸጠው ያነሰ ቀለም ነው ያለው። ሱቅ የሚሸጠውስ? ኤችፒ 305 የተባለውን ብንወስድ ጥቁሩ 2 ሚሊ ሊትር ቀለም ይዞ 120 ገጽ ያትማል ይባልለታል፤ ባለ ሦስት ቀለሙ 100 ገጽ። ሁለት ሚሊ ሊትር የሻይ ማንኪያ ግማሽ አይሞላም። 120 ገጽ የሚለውም ቢሆን የተሰላው ከወረቀቱ 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ቀለም ሲነካው ተብሎ ነው፤ አጭር ደብዳቤ፣ ሰፊ ኅዳግ፣ ምንም ሥዕል የለም። የልጅ ሥዕል መልመጃ ወይም ገጽ ሙሉ ፎቶ የመጣ ዕለት ሒሳቡ ይፈርሳል። ባለ ሦስት ቀለሙ ካርትሪጅ ውስጥ ደግሞ ሦስቱ ቀለሞች እንደ ደባል ነው የሚኖሩት። ቢጫው ቀድሞ ካለቀ ሰማያዊውና ቀዩ በቁማቸው ቆሻሻ ቅርጫት ይወርዳሉ።

ከሁሉም የሚገርመው ኩርፊያዎ ነው። ጥቁር በነጭ የሆነ የሥራ ማመልከቻ ሲታዘዙ «ባለቀለሙ አልቋል» ብለው ፊትዎን ያዞራሉ። ማባበያው ግን ታውቋል። ሁለት ካርትሪጅ ብቻ የሚጎርሱት የኤችፒ ዴስክጄት እህቶችዎ፣ ያለቀው ካርትሪጅ ተነቅሎ መዝጊያው ሲዘጋ፣ በቀረው ብቻ ማተም ይችላሉ። ብዙዎቹ የካነን ፒክስማ እህቶችዎ ደግሞ የማቆሚያ ቁልፋቸው 5 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ሲያዝላቸው የቀለም ማስጠንቀቂያውን ትተው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ስካነር ላይ ማኩረፍ ግን ምን የሚሉት ነው? እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ በካነን ላይ የቀረበው ክስ ይህንኑ የሚጠይቅ ነበር፤ ቀለም ሲያልቅ ስካነሩም አብሮ ይቆማል የሚል። ወረቀት ለማየት ቀለም ማን ያስፈልገዋል? ዓይን ለመግለጥ ኩል ይገዛልኝ እንደማለት ነው።

ሥራ ሲበዛብዎ ይራባሉ፣ ሥራ ሲያጡ ይታመማሉ። ሳምንታት ሳያትሙ ከቆዩ በሄድዎ (ቀለሙን በሚረጨው የማተሚያ ራስዎ) ላይ ያሉት ከፀጉር የቀጠኑ ቀዳዳዎች ውስጥ ቀለሙ ይደርቅና ጽሑፉ በነጭ መስመር ተቆራርጦ ይወጣል። ያኔ «ጽዳት» የሚባለው ይታዘዛል። ጽዳት ማለት ንጹሑን ቀለም በቀዳዳዎቹ ስቦ ሆድዎ ሥር ባለ ስፖንጅ ላይ መድፋት ነው። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልተሻለዎት አጥፍቶ ለ12 ሰዓታት ማሳደር ይሻላል፤ አሥር ጊዜ የሚያጸዳ ሰው ካርትሪጁን ሳያትም ይጨርሰዋል። መከላከያው ርካሽ ነው፦ በሳምንት አንድ ጊዜ አራቱም ቀለም ያለበት ግማሽ ገጽ። ደግሞም በራስዎ ቁልፍ እንጂ ከግድግዳው ተነቅለው አይጥፉ። በቁልፉ ሲጠፉ ሄድዎ ወደ ማረፊያው ተመልሶ ክዳን ይለብሳል፤ በመሃል መብራት ከሄደ ግን አፉን እንደከፈተ ይቀራል። መብራት ሲመጣ ወዲያው አብርቶ በቁልፉ ማጥፋት የዚህ አገር ሰው ሊለምደው የሚገባ ሥራ ነው።

በዚህም ምክንያት ተተኪዎን የሚመርጥ ኮሚቴ ተቋቁሟል። አበል የለውም። የኮሚቴው የመጀመሪያ ውሳኔ፣ ሻጭን «ስንት ናት?» ከማለት በፊት «ቀለሟ ስንት ነው? ስንት ገጽ ያትማል?» ማለት ነው። የቀለሙ ዋጋ ለገጹ ብዛት ይካፈላል፤ አብሮም ያ ቀለም ከሌላ ሁለት ሱቅ መገኘቱ ይጣራል። ቀለሟ ከአንድ ሰው በቀር የማይገኝ ፕሪንተር የዚያ ሰው ንብረት ናት።

በዚህ ሚዛን ግንባር ቀደም የሆነችው ቀለም ከጠርሙስ የሚቀዳላት ባለ ታንከሯ ፕሪንተር ናት። የኤፕሰን ኤል3250ን እንይ። 103 የሚባለው ቀለሟ በ65 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይመጣል፤ ጥቁሩ 4,500 ገጽ፣ ሦስቱ ቀለሞች ተጋግዘው 7,500 ገጽ ይባልላቸዋል። የአንዷን ጥቁር ጠርሙስ ሥራ እርስዎ ልሥራ ቢሉ 37 ካርትሪጅ በልተውም አይደርሱ። መግዣዋ ከእርስዎ ይወደዳል፤ ኮሚቴው ግን መግዣን ሳይሆን ሁለት ዓመትን ነው የሚቆጥረው። ነውር አልባ አይደለችም። የመጀመሪያው ሙሌት ከፊሉ ቱቦ ለመሙላት ይሄዳልና ያነሰ ገጽ ያትማል። እሷም ትደርቃለች፣ እሷም ስፖንጅ አላት፤ ስፖንጁ የሞላ ዕለት መብራቶቿ እየተፈራረቁ ይበራሉ፣ ሥራም ታቆማለች፣ ስፖንጁ ተቀይሮ የተደፋውን ቀለም የሚቆጥረው ቆጣሪዋ ወደ ዜሮ መመለስ አለበት። ቆጣሪውን ብቻ በሶፍትዌር መልሶ ስፖንጁን የሚተው ባለሙያ ቀለሙን ለጠረጴዛው አስረክቦ ይሄዳል። ዋይፋይዋ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ ከሚሠራ ዋይፋይ ጋር አትገናኝም። ቀለም ከሞላች በኋላ ባጃጅ ላይ አጋድሞ መጫን ደግሞ ወንበሩን በአራት ቀለም ማስዋብ ነው። የካነን ጂ ተከታታዮች የሚበልጧት በአንድ ነገር ነው፤ ሄዳቸው ተነቅሎ በአዲስ ይተካል።

ፎቶ የማያትም፣ ጽሑፍ ብቻ የሚበቃው ቤት ጥቁር ሌዘር ፕሪንተር ይግዛ። ቀለሟ ቶነር የሚባል ዱቄት ነው፣ አይደርቅም። ክረምቱን ሙሉ ተኝታ ለመስከረም የትምህርት ቤት ፎርም ያለ ጽዳት ትነሣለች። እንደ ኤችፒ ፒ1102 ያለችው 85ኤ የሚባል ቶነር ትወስዳለች፣ 1,600 ገጽ፤ ከካርቶን የሚወጣው ግን 700 ገጽ ነው፤ ማስጀመሪያ የሚሉት በሽታ እዚያም አለ። ቶነሩ በዱቄት ይሞላል፤ ሲደጋገም ድራሙ (ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ሲሊንደር) ይበላና ገጹ ጭረት በጭረት ይሆናል። ያገለገለች ከተገዛ አሥር ገጽ ሳያሳትሙ ብር አለመቁጠር ነው። በፒ1102 ላይ በየ7.5 ሴንቲ ሜትሩ የሚደጋገም ነጥብ ከታየ ድራሙ ነው፤ ድራሟ ከቶነሩ ጋር አንድ ላይ ስለሚቀየር ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መሸሻ አይሆንም። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፦ ዱቄቱን ወረቀት ላይ የሚያቀልጠው ክፍል ወደ 200 ዲግሪ ስለሚግል ለአፍታ ብዙ መቶ ዋት ይስባል። ትንሽ ዩፒኤስ (የመብራት መጠባበቂያ ባትሪ) ላይ መሰካት ዩፒኤሱን መቅበር ነው። እዚህ ላይ እንኳ እርስዎ ይሻላሉ፤ ጥቂት ዋት ይበቃዎታል።

በወር ከ20 ገጽ በታች የሚያትም ሰው ግን ምንም ባይገዛ ይሻለዋል፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሂድ። ፍላሽ ይዞ ከገባ ፎልደሮቹ ሁሉ በቫይረስ ሾርትከት ሆነው መመለሳቸውን ይጠብቅ። በቴሌግራም ከላከ ደግሞ ሳይወጣ የመታወቂያውን ፋይል ለሁለቱም ወገን ያጥፋ።

ስለ ስካነርዎም ጥቂት። 4,800 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነሡ ነጥቦች)፣ 9,600 ዲፒአይ እያሉ ካርቶኑ ላይ የሚፎክሩት ፉከራ ብዙ ጊዜ ሶፍትዌሩ በግምት የሚሞላው ነው፤ «ኦፕቲካል» ከሚለው ቃል ጎን ያለው ቁጥር ብቻ ይነበብ። ለሰነድ 300፣ ለአያት ፎቶ 600 ይበቃል። ኤ4 ወረቀት በ300 ባለቀለም ሲነሣ ሳይጨመቅ 26 ሜጋባይት ያህል ነው፤ በ600 አራት እጥፍ። «ፋይሉ በዝቷል» የሚል የማመልከቻ ድረ ገጽ ሲያጋጥም 300፣ ግራጫ፣ ፒዲኤፍ። ውስጥዎ ያለው ቀጭን ሴንሰር የሚያየው መስታወቱን የነካውን ብቻ ነው፤ የወፍራም መጽሐፍ መሃል የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ማተም ሳይሆን ስካን ብቻ የሚፈልግ ሰው እንደ ካነን ላይድ 300 ያለ ጠፍጣፋ ስካነር ይያዝ፤ ኃይሉን በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ስለሚወስድ መብራት ሲሄድም ይሠራል። ለደረሰኝና ለቅጽ ስልክ ይበቃል፦ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ።

በመጨረሻም ስለ ዳንቴሉ። ቀዳዳ ስለሆነ አቧራ አያስቀርም። ከኋላዎ ተከፍቶ የሚያድር ወረቀት አቧራና እርጥበት ስቦ ጎማዎችዎን ያንሸራትታል፤ ሁለት ወረቀት አንዴ የሚጎርሱት ከዚህ የተነሣ ነው። ከ500ው ደስጣ ሃያ ሃያ ብቻ አርገብግቦ ማስገባት፣ የተረፈውን ወደ ከረጢቱ መመለስ፣ የጎረሱትንም በሄደበት አቅጣጫ በሁለት እጅ ቀስ ብሎ መሳብ ይገባል። ዳንቴሉ በወፍራም ነጠላ እንዲተካልዎ ተወስኗል።

ከሰላምታ ጋር
የቀለብ ሰፋሪዎች ኮሚቴ

ግልባጭ፦
ለካርትሪጅ ሻጭ
ለስፖንጁ
ለቢጫ ቀለም (ባለበት)

ማሳሰቢያ፦ የኮሚቴው ማኅተም ሰማያዊ ነው። ሰማያዊው ከቢጫው ጋር ስለተጣለ ደብዳቤው ያለ ማኅተም ወጥቷል።