የመፈረሚያ ወረቀት የሌለው ሥልጠና

ላለፉት 15 ዓመታት እንጀራዬ ሥልጠና ነው። ቢሾፍቱ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፤ የሆቴል አዳራሽ፣ የታሸገ ውኃ፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣ የአበል ጥያቄ። ‹‹የአመራር ክህሎት›› የሚለውን ሰነድ ለሴቶች ማኅበራትም ለኅብረት ሥራ ማኅበራትም ሰጥቼ ስለጨረስኩ፣ አንድ ወዳጄ ‹‹ለጥቂት ወጣቶች ሁለት ቅዳሜ ስጥልኝ›› ሲለኝ ብዙ አላሰብኩበትም። ወጣቶቹ እነማን እንደሆኑ የነገረኝ ከታክሲ ወርደን ሰው የሌለበት መንገድ ላይ ስንደርስ ነው።

ቤቱ ከአዲስ አበባ ዳር ካሉት የኮንዶሚኒየም ሠፈሮች በአንዱ ውስጥ ነው። ቱሉ ዲምቱ ይሁን ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ ይሁን ቦሌ አራብሳ አልናገርም። አራተኛ ፎቅ፣ በየደረጃው የተደረደረ ቢጫ ጀሪካን፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የእድር ማስታወቂያ። ወጣቶች ወደ ዳር የሚወጡት ኪራይ ስለሚረክስ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ኋላ ነው። መሀል ከተማ ባደጉበት ሠፈር ሁሉም ‹‹የእገሌ ልጅ›› ናቸው፤ እዚህ ግን ጎረቤትና ጎረቤት ገና እየተዋወቀ ነው።

ሰባት ናቸው። እርስ በርሳቸው ‹‹ዜጋ›› ይባባላሉ፤ በአገራችን የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ዘንድ የቆየ መጠሪያ ነው። የቤቱን እመቤት ግን ሁሉም ‹‹እትዬ›› ይሏቸዋል። ስድሳን የተጠጉ፣ ነጠላቸውን የማይጥሉ ሴት ናቸው። እኔም እንደ ልማዴ ነጩን ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፌ ‹‹ራዕይ›› ብዬ ከጻፍኩ በኋላ የተሳታፊዎች መፈረሚያ አዞርኩ፤ ሙሉ ስም፣ ጾታ፣ ስልክ ቁጥር፣ ፊርማ። ወረቀቱ ከመጀመሪያው ልጅ እጅ አላለፈም። ልጁ በሴት ስም ያደገ፣ ዛሬ ‹‹እሱ›› በሉኝ የሚል ኢንተርሴክስ (ከልደቱ ጀምሮ አካሉ ከተለመደው የወንድ ወይም የሴት አመዳደብ የወጣ) ወጣት ነው። ብዕሩ ስሙ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ‹‹ወ›› እና ‹‹ሴ›› ከሚሉት ሁለት ሳጥኖች ላይ ደግሞ ቆመ። እትዬ ተነሥተው ወረቀቱን ተቀበሉት፣ አራት አጠፉት፣ የጀበናው ከሰል ላይ ጣሉት።

‹‹ልጄ፣ እዚህ ቤት ስም አይጻፍም›› አሉኝ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ባፍርም ልጄ መባሌን ወደድኩት።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን በእሥራት ያስቀጣል፤ ማክበጃ ሲኖርበት ጽኑ እሥራት ድረስ ይሄዳል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የከተማው አስተዳደር ሆቴሎችንና መጠጥ ቤቶችን መፈተሽ መጀመሩን አስታውቆ ነዋሪው እንዲጠቁም ጠየቀ። በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ከድብደባና ከግድያ ጥሪ ጋር ይዘዋወር ነበር። ከሰባቱ ሦስቱ ወደዚህ ዳር የወጡት በዚያ ክረምት ነው። እንዲህ ባለ አገር ስም፣ ስልክና ፊርማ የሰፈረበት ወረቀት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ የአሥራ አምስት ዓመት ልምድ አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ልምዱ ኖሮኝም አላወቅሁትም።

ወጣት የመብት ተሟጋቾችን ለአመራር ማብቃት በሚል የሚዘጋጁት ሥልጠናዎች በአብዛኛው እኔ ከምሰጠው ጋር ወንድማማች ናቸው። አምስት ቀን ናይሮቢ ወይም ጆሃንስበርግ፤ ጥሩ ሆቴል፤ የፕሮጀክት ሐሳብ አጻጻፍ፤ ለመገናኛ ብዙኃን ቃል አሰጣጥ፤ በመጨረሻ ስም የታተመበት ምስክር ወረቀትና የቡድን ፎቶግራፍ። ‹‹ታሪክህን ተናገር›› ይባላል። ታሪኩን የተናገረ ልጅ ቦሌ ሲያርፍ ማን እንደሚቀበለው በሥልጠናው ሰነድ ውስጥ የለም። ከሰባቱ አንዷ ከእንዲህ ዓይነት ጉዞ ይዛ የመጣችውን ምስክር ወረቀት ፍራሽ ውስጥ ሰፍታ ሁለት ዓመት ተኝታበታለች።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። በዚህ ጉዳይ አገር ውስጥ ልምድ አይጠራቀምም። አንዱ ወድቆ ተነሥቶ ሲበስል ስሙ ይታወቃል፤ ስሙ ሲታወቅ ይሰደዳል፤ ተከታዩ ደግሞ ሀ ብሎ ይጀምራል። ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌን የመሰለ ለእነዚህ ሰዎች መብት የሚሟገት የኢትዮጵያውያን ድርጅት እንኳ ድምፁ በብዛት የሚሰማው ከውጭ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የ2001ዱን ጠባብ አዋጅ ተክቶ ለብዙ የመብት ማኅበራት በር ከፍቷል። ለእነዚህ ልጆች በሩ ዝግ ነው፤ ወንጀል በተባለ ነገር ዙሪያ ማኅበር አይመዘገብም። ቢሮ የለም፣ መዝገብ የለም፣ የቀድሞ ሊቀ መንበር የለም። መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥም ይባላል፤ ንጉሡስ ቢያንስ ዙፋን ነበረው።

እትዬ የሚያስተምሩት ነገር ርዕስ የለውም። ፖሊስ ቢይዛችሁ ምን ትላላችሁ ብለው በየተራ ይጠይቃሉ፤ ልጆቹ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 እንደ ዳዊት ይወጡታል፤ ዝም የማለት መብት፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት። የቱ ክሊኒክ ውስጥ የቷ ነርስ ሳታሽሟጥጥ ካርድ እንደምታወጣ፣ አከራይ ፊቱን ሲያጠቁር ከስንት ቀን በፊት ሌላ ቤት ማየት እንደሚገባ፣ ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ሲኬድ ‹‹መቼ ነው የምታገባው?›› ለሚል አጎት ሳይዋሹም ሳይጋለጡም እንዴት እንደሚመለስ። በሠፈሩ እድር ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ደብተራቸውን አሳዩኝ፤ ገቢ በሰማያዊ፣ ወጪ በቀይ፣ አንድ ስርዝ የለውም። ሁለቱን ልጆች አስመዝግበው ድንኳን ተካይና ወንበር ቆጣሪ አድርገዋቸዋል። ‹‹ሰው ሲያዝን አብሮ የቆመ ሰው በቀላሉ አይባረርም›› ይላሉ። ስለ ሒሳብ አያያዝ፣ ስለ ስብሰባ አመራር፣ ጠበኛ ስለ ማስታረቅ እኔ በማርከር የማስተምረው ሁሉ በዚያ እድር ውስጥ በተግባር አለ።

ይህን የሚያነብ ሁሉ እንደማይስማማኝ አውቃለሁ። ‹‹ከምዕራብ የመጣ ነው›› የሚለውንም ሰምቼ አድጌአለሁ፤ ብዬውም አውቃለሁ። በዚያ ቤት ከውጭ የመጣ ነገር ያየሁት እኔ ይዤው የሄድኩትን ሰነድ ነው።

አፍሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ቢጠየቅ ደቡብ አፍሪካዊው ሳይመን ንኮሊ አለ። አመራርን የተማረው በተማሪዎች ንቅናቄና በቤት ኪራይ አድማ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ታስሮ በዴልማስ ችሎት በአገር ክህደት ሲከሰስ፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን ለትግል ጓዶቹ የተናገረው እሥር ቤት ውስጥ ነበር። ጓዶቹ ተከፋፈሉ፤ ቆይተው ግን አብረውት ቆሙ። ነፃ በወጣበት በ1988 ጥቁርና ነጭ የተቀላቀሉበት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ማኅበር ሲመሠረት አጠገቡ ገና ሃያ ያልሞላት የሶዌቶ ልጅ ነበረች፤ ቤቨርሊ ዲትሲ። በ1990 የጆሃንስበርግን የመጀመሪያ የኩራት (ፕራይድ) ሰልፍ አብረው አዘጋጁ። ከዚያ አምስት ዓመት ቆይታ በቤጂንጉ የሴቶች ጉባኤ ላይ ስለ ሌዝቢያን ሴቶች መብት የተናገረችው እሷ ናት። ልጅቷን ማብቃቱ ከሰልፍና ከስብሰባ ጎን ለጎን ዓመታት ወስዷል፤ አምስት ቀን አይደለም። እዚህ ሰልፍ ይደረግ ማለቴ አይደለም፤ ዕብደት ነው የሚሆነው። ልብ ያልኩት የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጅ የምትጠይቀው ሰው ስለነበራት ነው።

ወደ ሁለቱ ሳጥኖች ልመለስ። ኢንተርሴክስ የሚባሉት ከልደታቸው ጀምሮ የመራቢያ አካላቸው፣ ሆርሞናቸው ወይም ክሮሞዞማቸው ከተለመደው የወንድ ወይም የሴት አመዳደብ የወጣ ሰዎች ናቸው። በአማርኛ ‹‹ፍናፍንት›› የሚል ቃል አለን፤ ልጁ ቃሉን የሚያውቀው ከኋላው ሲወረወርበት ነው። በሥልጠናዎች ላይ ‹‹ኤልጂቢቲአይ›› ከሚለው ምህጻረ ቃል ጅራት ይቀጠሉና ይረሳሉ። የእሱ ጥያቄ ግን ከሌሎቹ ስድስት ይለያል። አንቀጽ 629 ስለ እሱ አንዲት ቃል የለውም። ሕፃን ሳለ እናቱ መጀመሪያ ጠበል፣ ቀጥሎ አንድ ሆስፒታል ወሰዱት፤ እዚያ አካሉ ላይ ምን እንደተሠራ የሚያስረዳው ወረቀት እስከ ዛሬ እጁ አልገባም። መሪ ቢሆን የሚመራው ውይይት ከፖሊስ ጋር ሳይሆን ከአዋላጆችና ከእናቶች ጋር ነው። ኡጋንዳዊው የኢንተርሴክስ መብት ተሟጋች ጁሊየስ ካግዋና ባልደረቦቹ የሄዱበት መንገድ ይኸው ነው። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 የሕዝብ ቆጠራ 1,524 ኢንተርሴክስ ሰዎች ቆጥራለች፤ በ2022 የሕፃናት ሕጓም ልጆቹን በስም ጠቅሷቸዋል። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በ2023 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 552 ፈቃድ የሌለው ቀዶ ሕክምና እንዲቆም አባል አገሮችን ጠይቋል። ኮሚሽኑን ያቀፈው የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ከእትዬ ቤት በታክሲ ይደረሳል።

ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች የሚያነቡኝ ከሆነ ልመናዬ አጭር ነው። ፊርማ አትጠይቁ፤ ‹‹ሰባት ሰው መጣ›› የሚለውን ቃል እመኑ። ፎቶግራፍ አታስነሡ። ለሆቴል አዳራሽ የምትከፍሉትን ለሁለት ዓመት የአንዲት አሮጊት የቤት ኪራይ አድርጉት። የተሰደዱትም ሳይታክታቸው ስልክ ያንሡ፤ ልምዳቸው አብሯቸው ተሰዷልና።

ሁለተኛውን ቅዳሜ እኔ አላስተማርኩም። ስብሰባውን ያ ብዕሩ የቆመበት ልጅ እንዲመራ እትዬ ወስነው ጠበቁኝ። ቡናውንም እሱ ያፍላ ተባለ። አጀንዳውን በቃሉ ይዞ ጀመረ፤ በመሀል ሁለቱ ስለ ኪራይ መዋጮ ተጨቃጨቁበት፤ ወደ እትዬ ዞር ሲል እሳቸው የነጠላቸውን ጥለት እየቆጠሩ ነበር። ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው። ክፍሉ በጭስ ሲሞላ መስኮት የከፈተ ሰው አልነበረም፤ ድምፅ ስለሚወጣ። ልጁ እያሳለ ‹‹እሺ፣ መዋጮው ወዳለበት እንመለስ›› አለ። እትዬ ቀና ብለው ሌላ ከሰል ከበረንዳ እንዳመጣ በዓይናቸው ጠቀሱኝ።